ለሞተ ሰው የተባለ አቤት

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት መጋቢት ላይ ስታሰር ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። የታሰርሁት አልገባኝም ብዬ ነው።

የገበሬ ማኅበሩ ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ አንድ ካድሬ ከጧት ጀምሮ ሲናገር ዋለ። የሚናገረው አማርኛ ነው፣ ግን ከጆሮዬ አያልፍም። ኢምፔሪያሊዝም ይላል፣ ቢሮክራሲያዊ ከበርቴ ይላል፣ ተቃርኖ ይላል። ሲጨርስ «ገብቷችኋል?» አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ተነሥቼ «እኔ አልገባኝም» አልሁ። ተንኮል አልነበረብኝም። ሰውየው ጠየቀ፣ እኔ መለስሁ። ጎረቤቴ ጋቢዬን ይዞ ወደ ታች ይጎትተኛል፣ እኔ ቆሜያለሁ።

በዚያው ቀን እጄን የፊጥኝ አስረው ንፋስ መውጫ ወሰዱኝ። እዚያ ደግሞ ሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

«አልገባኝም በል ያለህ ማን ነው?»

«ማንም አላለኝ። ስላልገባኝ ነው።»

«ለሌላው ሁሉ ሲገባው ላንተ እንዴት አይገባህም?»

«የሌላውን ሌላውን ይጠይቁ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። ብርድ በሆነ ቁጥር እግሬ ያስታውሰኛል፣ ይበቃል።

ያስገቡን ቤት የአንድ ድሮ ባላባት የእህል ቤት ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ መስኮት የለው። ብርሃን የሚገባው በበሩ ስንጥቅ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ በዚያው ስንጥቅ ጉም ይገባል። ቀትር ላይ ጎንህ የተቀመጠው ሰው ፊቱ አይለይህም፣ ጥላ ነው። ስለዚህ ሰው የምንለየው በድምፁ ነበር። ማን እንዳሳለው፣ ማን እንዳዛጋ፣ ማን በሹክሹክታ እንደሚጸልይ ሳላይ አውቅ ነበር። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያነሣውና ሲመልሰው ሰው የሚጠራ ይመስላል። እኛ አገር ጠሪው ካልታየህ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት አይባልም። ሰው ያልሆነ ነገር በስምህ ሊጠራህ ይችላል። ሰው ከሆነ ሦስት ጊዜ ይጠራል፣ ያኛው ግን ሦስት አይደርስም ይባላል። ከእናታችን ጉያ ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው፣ እስር ቤትም ገብተን አልተውነውም።

ይህ ነገር ዘበኛውን ያናድደው ነበር። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው። ስንቅ የሚመጣው በገበያ ቀን ነው፤ ጠያቂው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የታሳሪውን ስም ይነግረዋል፣ እሱ በሩ ዘንድ መጥቶ ይጣራል። አቤት ያለ አገልግሉን ይቀበላል።

«ጋይንት ውስጥ ጆሮ የሚባል ነገር የለም እንዴ?» ይላል ዘበኛው። «አህያ እንኳ በአንዴ ይሰማል።»

«አህያን ጋኔን አይጠራትማ» ይለዋል አንዱ ከጨለማው ውስጥ።

ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አቤት ያላለ ሰው ግን «የለም» ይባላል። ዘበኛው አገልግሉን ካመጣው ሰው እጅ ላይ መልሶ «የለም፣ ሂጂ» ይላል። ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ይሁን፣ ታሞ ይሁን፣ ሞቶ ይሁን፣ ከዚህ የበለጠ የሚናገር የለም። አንዲት ባልቴት የለም ተብላ እስኪመሽ አጥሩን ይዛ ስትቆም በስንጥቁ አይቻለሁ። የለም ሲሏት ምን እንደ ነገሯት አላወቀችም። ነግረዋታል፣ ግን አልደረሳትም።

ከእኛ ጋር አንድ የስማዳ ሰው ነበር። ለሽፍታ እህል አቀበልህ ብለው ያመጡት ነው። አገሩ ሁሉ ገደል ነው፤ ከማዶ የጠራህን ሰው ከወዲህ ማዶ ሆነህ ስትመልስለት ድምፅህን ታስረዝመዋለህ። እሱም በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ አቤትን ከላይ ያነሣትና ይጎትታታል፣ መጨረሻዋ ላይ እንደ ድንጋይ ይጥላታል። «ቀስ በል፣ ማዶ አይደለንም» እያልን እንስቅበት ነበር። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እሱ ሳይወሰድ አንድ ሁለት ጊዜ ስንቅ ይዛ መጥታለች። እሷ ከአጥሩ ውጭ ሆና «አንተ ሰው፣ ደኅና ነህ ወይ?» ትላለች፣ እሱ ደኅና ነኝ ይላል። የሚፈቀደው ይህን ያህል ነው።

የግንቦት ልደታ በዋለች ማግስት መኪና መጣ። የወረዱትን ሰዎች አናውቃቸውም። የስማዳውን ሰው ጠሩት፣ ሦስት አስጠርቶ አቤት አለ። ጋቢውን ሊያነሣ ሲያጎነብስ «እሱን ተወው» አሉት። ጋቢ ተወው የተባለ ሰው የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፣ እሱም አውቋል። ሲወጣ የኔታ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ተናገረ። የኔታ የምላቸው ከእስቴ የመጡ ሽማግሌ የዜማ መምህር ናቸው፤ ለምን እንዳሰሯቸው እሳቸውም አያውቁትም።

ከሰዓት በኋላ እኔን አካፋ አስይዘው ከከተማው ጀርባ ወሰዱኝ። አፈር ያለበስሁት እኔ ነኝ። ፊቱን አይቻለሁ። ቦታውንም አውቀዋለሁ።

በዚያው ወር ማለቂያ ዘበኞቹ ተለወጡ። ያ ይናደድብን ነበር ያልኋችሁ ዘበኛ ያን ጊዜ የመጣ ነው። ስለ ስማዳው ሰው የሚያውቀው አልነበረም።

ሰኔ ላይ፣ ጉሙ በበሩ ስንጥቅ እየገባ ሳለ፣ ያ ዘበኛ የስማዳውን ሰው ስም ጠራ። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ሁለተኛ ጠራ። ከአጥሩ ውጭ ሴትዮዋ ቆማለች ማለት ነው። አሁን የለም ሊላት ነው ብዬ ጆሮዬን ልይዝ ስል ሦስተኛውን ጠራ።

«አቤት» አለ።

ከላይ ተነሥታ፣ ተጎትታ፣ መጨረሻዋ ላይ የወደቀች አቤት። የእሱ ናት። ከሄደ በኋላ ጋቢውን በሰቀልንበት ጥግ በኩል ነው የመጣችው።

በእጄ አፈር ያለበስሁት ሰው ነው። ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ አገልግሉን አስቀመጠና ሄደ። በሶና ዳቦ ቆሎ ነበር። ሌሎቹ ቆይተው ቆይተው በሉ፣ ራብ ነው። እኔ አልነካሁም።

ሐምሌ ላይ ተመልሳ መጣች። እንደገና ስሙ ተጠራ። እኔ በዚህ ጊዜ የኔታ ጎን ተጠግቼ ተቀምጫለሁ። ሦስተኛው ጥሪ ላይ ያች አቤት ወጣች፤ ትከሻዬን የነካው ትከሻ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ከአጥሩ ውጭ ደኅና ነህ ወይ ስትል፣ ደኅና ነኝ የሚል ተመለሰላት። ዘበኛው እስኪርቅ ጠበቅሁ።

«የኔታ፣ እርስዎ ነዎት።»

«ዝም በል።»

«ባለፈውም እርስዎ ነበሩ።»

ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው አይታየኝም፣ ትንፋሻቸው ግን ቀረበኝ።

«ባለፈው እኔ አይደለሁም» አሉኝ። «ባለፈው አንተ መስለኸኝ ነበር። ይህ ድርቅ ያለ ሰውዬ ለካ አንጀት አለው ብዬ በልቤ አመስግኜህ ነበር። ዛሬ ዝም ስትል ጊዜ ነው እኔ የገባሁበት።»

በዙሪያዬ ያሉትን ሁሉ በሹክሹክታ ጠየቅሁ። አንዱ ሌላው መስሎታል፣ ሌላው የኔታ መስለውታል። እኔ ነኝ የሚል ጠፋ።

የኔታ ይህን ነገር ሊመረምሩት አልፈለጉም። «እሱ ሲወጣ ጆሮዬ ላይ ያለኝን ልንገርህ» አሉ። «ሳትወልድ አይነገራት ነው ያለኝ። ነፍሰ ጡር ሴት ያን ገደል መርዶ ተሸክማ ትውረደው?»

«ሰው ሞቶ ሳለ አለ ማለት ግን ውሸት ነው፣ የኔታ።»

«እኔ መች አለ አልሁ? አቤት ነው ያልሁት።»

«እሷ የሰማችው አለሁ የሚለውን ነው። ደኅና ነኝስ ብለው የለም?»

«እኔ ደኅና ነኝ። ቁርጥማቴን ካልቆጠርኸው።» ትንሽ ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ትተው «እንግዲያ ውሸቱ የማን ነው? የተናገረው ነው የሰማው?» አሉኝ።

ብዙ አሰብሁ። «በመካከላቸው ነው» አልሁ። «ቃሉ ከእርስዎ ሲወጣ አንድ ነው፣ እሷ ዘንድ ሲደርስ ሌላ ነው። መንገድ ላይ ነው የተለወጠው። መለወጡን ደግሞ እርስዎ ያውቃሉ።»

ሊመልሱልኝ ሲሉ ቀደምኋቸው።

«አትለቅስ፣ ከል አትለብስ፣ ተዝካር አታወጣ። ፍትሐቱስ?»

«ፍትሐቱን እያደረስሁለት ነው። ወደ ግድግዳው ዞሬ ስንሾካሾክ የምትሰማው ምን መስሎህ ነው?»

«ለሱ ደረሰው እንበል። ለሷ ማን ይንገራት?»

«ትውለድ፣ ከዚያ ይነገራታል።»

«ማን?»

ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እኔ ግን በልቤ ቆረጥሁ። ስትወልድ ውሸቱ ያበቃል። በምን አፍ እንደምነግራት አላውቅም፣ ብቻ ቆረጥሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ቀረች። ወልዳ ይሆናል አልን፣ አራስ ናት አልን። ነሐሴ በዝናብ አለቀ። የቤቱ ወለል እርጥበት ያዘና የኔታ ሳል ጀመራቸው፣ ከሳሉ በኋላ ድምፃቸው ተዘጋ። ስንት ደቀ መዝሙር ያስተማሩ ሰው አፋቸውን ሲከፍቱ ትንፋሽ ብቻ ይወጣል። የምንነጋገረው እጄን እየጨበጡ ነበር፤ አንዴ ከጨበጡ አዎ፣ ሁለቴ ከጨበጡ አይ።

ዘመን ተለወጠ። መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ጉሙ ገና ሳይነሣ፣ ከአጥሩ ውጭ የሕፃን ልቅሶ ሰማሁ። የኔታም ሰሙ። እጄን ያዙ። ዘበኛው በሩ ዘንድ መጥቶ ያን ስም ጠራ። ደስ ብሎት ነው የጠራው፣ ድምፁ ውስጥ ሳቅ አለ።

የኔታ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። እጄን ጨበጡኝ። አንዴ። አንዴ ብቻ፣ ግን አልለቀቁም።

ሁለተኛ ጠራ። ምን ልበል? ሞቷል ብዬ ልጩህ? ሴትዮዋ አራስ ልጅ አዝላ መሣሪያ በያዙ ሰዎች መካከል ቆማለች። ያን ጊዜ እንዲህ ላለ ሟች እዬዬ ያለ ከሟቹ ጋር ተባባሪ ተብሎ ይታሰር ነበር። ዝም ልበል? የለም ይላታል፣ እንደዚያች ባልቴት አጥር ይዛ ትቀራለች። ሦስተኛውን ጠራ።

«አቤት» አልሁ።

ይህን የሚያነብ ሰው ቢያምነኝም ባያምነኝም የሆነውን ነው የምጽፈው። አፉ የእኔ ነው፣ ድምፁ ግን አልነበረም። እንደዚያ ጎትቼ፣ እንደዚያ ጥዬ አቤት ብዬ አላውቅም። ከዚያ በኋላም ብቻዬን ሆኜ ሞክሬው አልሆነልኝም።

«አንተ ሰው፣ ደኅና ነህ ወይ?»

«አለን» አልሁ። ይህ የራሴ ድምፅ ነው።

«ጎርነን አልህብኝ።»

«ብርድ ነው።»

«ወለድሁ። ወንድ ነው። ክርስትናው ተነሥቷል። የዓለም ስሙ ግን አንተን ሲጠብቅ ቆየ። ሰው ሁሉ ማን እንበለው እያለ ያስቸግረኛል።»

ዘበኛው ጣልቃ ገባ። «በል ስም አውጣለት። ቶሎ በል፣ ልጁ ይበርደዋል።» ክፉ አልነበረም በዚያች ሰዓት።

አስቤ ነው የመረጥሁት ብል ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም፣ አፌ ላይ የመጣውን ነው ያልሁት።

«ምትኩ በይው።»

እኛ አገር ምትኩ የሚባለው ሰው ሞቶበት የተወለደ ልጅ ነው። የሄደው ሰው ምትክ ነው። በቁሙ ያለ አባት ለልጁ ይህን ስም አያወጣም፤ በራሱ ላይ መርዶ መናገር ነው። የእኔ ታናሽ ወንድም ምትኩ ነው፣ አባታችን በሞተ በሦስተኛው ወር የተወለደ።

«ጥሩ ስም ነው» አለ ዘበኛው። «አጎቴም ምትኩ ነው።»

«ማን አልኸኝ?» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል።

«ምትኩ።»

ቀስ ብላ፣ «መቼ ነው ያሰብኸው?» አለች።

ጥያቄው ገባኝ። ስለ ስሙ አይደለም የምትጠይቀኝ።

«በግንቦት ልደታ ማግስት» አልሁ።

ዘበኛው ሳቀ። «ሳይወለድ ነው ስም ያወጣለት ይሄ። ጉድ እኮ ነው።»

«እሽ» አለች። «እሽ፣ ሰምቻለሁ።»

ዘበኛው አገልግሉን ሊቀበላት ከበሩ ሲርቅ ዓይኔን ስንጥቁ ላይ አደረግሁ። ወጣት ናት። ልጁን በጀርባዋ አዝላለች። አገልግሉን ሰጠችው፣ እጅ ነሣችው፣ ጥቂት ራቅ አለች። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና አዘቅዝቃ ለበሰችው። ሴት ለለቅሶ እንደምትለብሰው። ድምፅ አላሰማችም፣ ደረቷን አልመታችም። አንድ ጊዜ ወደ በሩ ዞራ ቆመች፤ መርዶው እንደ ደረሳት እንዳውቅ ይመስለኛል። እኔም ከጨለማው ውስጥ ሆኜ ራሴን ዝቅ አደረግሁ፣ አላየችኝም እንጂ። ከዚያ ጉሙ ውስጥ ገባች።

ዘበኛው ይህን ሁሉ አይቷል። ያየው ግን ነጠላዋን የምታስተካክል ሴት ነው።

የዚያን ቀን ቤቱ ውስጥ ለቅሶ ተቀመጥን። ማንም ተቀመጡ አላለንም፤ ወሬ ሳይነሣ፣ እግር ሰብስበን፣ ዙሪያውን ተቀመጥን። የኔታ ያለ ድምፅ ፍትሐቱን አደረሱ። በሶውን ሲያቀርቡልኝ ዳቦ ቆሎውን ሲዘረጉልኝ በላሁ። እዝን ነው ብዬ በላሁ።

አሁን ሸምግያለሁ። ፊደል የቆጠርሁት ከእስር ወጥቼ በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ለዚህ ነው እጄ የሚዘገየው። የልጅ ልጆቼ ስልክ ይዘው ጉብታው ላይ ወጥተው «ትሰማኛለህ? ትሰማኛለህ?» ሲባባሉ እሰማለሁ። ከሩቅ አገር ያለው ሰው እሰማለሁ ይላቸዋል፣ ደስ ብሏቸው ይወርዳሉ። ምን ተባባላችሁ ስላቸው ምንም ይሉኛል። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ተናግሬያለሁ፣ ለፍልፌያለሁም፤ አንድ ቃል ከእኔ ወጥቶ ሳይጎድል ሌላ ሰው ዘንድ ደርሷል ብዬ የምምለው ያን ዕለት ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ከእኔ መውጣቱን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰኔ ላይ አቤት ያለው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የኔታም ሳያውቁት ሞቱ። እሳቸው ነበሩ ብዬ አልጠረጥራቸውም፣ ለመዋሸት ቸኩለው አያውቁም ነበር።

የፊት ጥርሶቼ የሉም። ልጆቹ ሲጠይቁኝ እርጅና ነው እላለሁ። እርጅና አይደለም፣ በማግስቱ ነው።

በማግስቱ ጧት ዘበኛው በሩን ከፈተ። አንድ ጓደኛውን አስከትሏል፣ ሁለቱም ይስቃሉ። «የምትኩ አባት» አለ። «ና ውጣ እስቲ፣ ሳይወለድ ስም የሚያወጣውን ሰውዬ ፊቱን እንየው። እንኳን ደስ ያለህ ልበልህ።» ማንም አልተነቃነቀም። «የምትኩ አባት የለም እንዴ?» አለ እንደገና፣ ሳቁ ቀነስ ብሎ። የኔታ ከጎኔ ግድግዳውን ተደግፈው ሊነሡ ጀመሩ። ትከሻቸውን ይዤ መልሼ አስቀመጥኋቸው፣ እኔ ተነሣሁ። ከበሩ ደጃፍ ብርሃኑ ላይ ቆምሁ።

«የምትኩ አባት ሞቷል» አልሁት። «ግንቦት ላይ ነው የገደላችሁት። ትናንት የተናገርሁት እኔ ነኝ።»

«ምን አልህ?» አለኝ።

ደገምሁለት።